ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅ መሃል ላይ እንዳይቀር፦ ከመልቀቂያው ሳምንት እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር

ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር ወረቀት ላይ የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። ከአንዱ መዝገብ ይሰረዛል፣ ሌላው ላይ ይጻፋል። ችግሩ መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው። የድሮው ትምህርት ቤት «ሄዷል» ብሎ ትቶታል። አዲሱ ገና አያውቀውም። ለሁለት ሳምንትም ይሁን ለሁለት ወር፣ ልጁ የማንም አይደለም።

ቤቱ የተረጋጋና ትምህርቱን የያዘ ልጅ ይህን ጊዜ ትንሽ ተንገዳግዶ ያልፈዋል። ድሮም በቋፍ የነበረ ልጅ ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ ልጁ የማንም ያልሆነበትን ጊዜ ለማሳጠር። የጻፍኩት በዋናነት ለመምህራን፣ ለክፍል ኃላፊዎችና ለአማካሪዎች ነው። ወላጅም ቢያነበው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

1. ስሙን ቀድሞ መያዝ

በቋፍ ያለን ልጅ በስሜት ለመለየት አትሞክሩ። ረባሹ ሁሌም ይታወሳል፣ ዝምተኛው ይረሳል። መዝገብ ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ፦ ቀሪ፣ ጠባይ፣ ውጤት።

ከሦስቱ ቀሪው ቀድሞ ይናገራል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ 10 በመቶ ነው። የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ቢሆን 18 ቀን ማለት ነው። 18 ሲባል ብዙ ይመስላል፤ በወር ስታካፍሉት ግን 2 ቀን ገደማ ነው። በወር ሁለቴ የሚቀር ልጅ ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም። የሚያመልጠንም ለዚሁ ነው። በፈቃድ የቀረውንም ቁጠሩት። ታሞም ቀረ ፎርፎ፣ ያ ቀን የተሰጠው ትምህርት አምልጦታል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ባልፋንዝና ባልደረቦቹ በፊላዴልፊያ ያደረጉትን ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። መቅረትን፣ ጠባይንና ኮርስ መውደቅን የሚያሳዩ አራት ምልክቶችን በ6ኛ ክፍል በማየት ብቻ፣ በኋላ ሁለተኛ ደረጃን ከማይጨርሱት ተማሪዎች 60 በመቶውን መለየት ይቻላል። ልብ በሉ፣ 6ኛ ክፍል ነው። ልጁ ገና ከእኛ ጋር እያለ ማለት ነው። በቺካጎ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ 9ኛ ክፍልን በአግባቡ ይዞ የጨረሰ ተማሪ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድሉ ካልያዘው 3.5 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። 9ኛ ክፍል ብዙ ልጅ አዲስ ግቢ የሚገባበት ዓመት መሆኑን አትርሱ።

መዝገቡ የማያሳየውም አለ። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትምህርት ቤት የቀየረ፣ አሳዳጊው የተለወጠ፣ ከቤት የተፈናቀለ፣ የሚማርበት ቋንቋ የአፍ መፍቻው ያልሆነ፣ ከትምህርት በኋላ ሥራ የሚሠራ፣ ታናናሾቹን የምትጠብቅ ልጅ። እነዚህን የሚያውቃቸው ሰው እንጂ መዝገብ አይደለም። ስለዚህ ለየክፍል ኃላፊው አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ «ይህ ልጅ ቢለቅ የምትሰጋለት ነው?»

ዝርዝሩ ከሦስት አራት ሰው እጅ አይውጣ። የመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ልጁን ለመርዳት የወጣ ስም መጠቋቆሚያ ይሆናል።

2. ከመልቀቂያው ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ

ሪፖርት ካርድ ልጁ ስንት እንዳመጣ ይናገራል። እንዴት እንደሚማር አይናገርም። ፋይሉ ውስጥ የሚገባ አጭር አስተያየት ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው ሰው ተናዶ እያለ ነው።

አንድ ዓመት አጋማሽ ላይ የመጣልኝ ልጅ ነበር። ፋይሉ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ሲነገረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል» ተብሎ ተጽፏል። አመንኩ። ሌላውን እንዳይረብሽ ብዬ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠራው አይመልስም፤ እኔም በልቤ «እውነትም!» እያልኩ አለፍኩ። አንድ ቀን ደብተር ላርም በቀኙ በኩል ቆሜ ቀስ ብዬ ስሙን ጠራሁት። ወዲያው ቀና አለ። ወደ ግራው ዞሬ በዚያው ድምፅ ደገምኩት። ዝም ብሎ መጻፉን ቀጠለ። ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። እናቱን ጠርቼ ስጠይቃቸው፣ «ለበፊቱ መምህር ነግሬ ነበር እኮ» አሉኝ። ነግረዋል። የጻፈው ግን የለም። ከዚያ ግቢ ወደዚህ የተሻገረችው ያቺ የቀይ እስክርቢቶ አረፍተ ነገር ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ የሚለቅ ልጅ ሲኖር አንድ ገጽ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። የሚገባበት ይኸው ነው፦

- በየትምህርቱ የት እንደደረሰ፣ በርዕስ። «ሒሳብ 62» ብቻውን አይጠቅምም። «ክፍልፋይ ጨርሷል፣ አሉታዊ ቁጥር ላይ ይሳሳታል፣ እኩልታ አልጀመርንም» ይጠቅማል።
- ምን እንደሚሠራለት። ፊት መቀመጥ፣ ጥያቄን በጽሑፍ ማግኘት፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር መሥራት።
- ምን እንደሚያሸማቅቀው። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መሥራት፣ ጮክ ብሎ ማንበብ።
- መነጽር፣ የመስማት ችግር፣ መድኃኒት፣ ወላጅ ይነገር ያለው ሁሉ።
- ቤት የሚደወልለት ሰው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚገኝ።
- በድሮው ግቢ ልጁ የሚያምነው ሰው ስምና ስልክ።

አንድ ሕግ አለኝ፦ በዓይን ያላየሁትን አልጽፍም። «ሰነፍ ነው» አይጻፍም። «ባለፈው ወር ከሰጠሁት 10 የቤት ሥራ 3 አምጥቷል፣ ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ግን ይጨርሳል» ይጻፋል። ሁለቱን ስታስተያዩ የመጀመሪያው ልጁን ይዘጋዋል። ሁለተኛው አዲሱ መምህር «ታዲያ ቤት ምን አለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

ደብዳቤው ሳይላክ በፊት ለልጁ አንብቡለት። ያርመዋል። አንዷ ተማሪ አንብቤላት ስጨርስ፣ «ቲቸር፣ ሥዕል እንደምችልም ጻፍልኝ» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ የጻፍኩት ሁሉ ችግር ነበር። የቤተሰብ ጠብ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የደረሰ ጥቃት ካለ ግን ወረቀት ላይ አታስፍሩት። ወላጅና ልጅ ከፈቀዱ፣ ማወቅ ለሚገባው አንድ ሰው በቃል ይነገር። ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ከሆነ ደግሞ ያለው የልጆች ጥበቃ አሠራር ይቀድማል።

ከዚያ ስልክ ደውሉ። አዲሱ ትምህርት ቤት ያለውን የክፍል ኃላፊ በስም አግኙት። ሩብ ሰዓት ይበቃል። አሥር ፋይል የማይነግረውን ይነግራችኋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ በር ላይ ልጁን የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ታረጋግጣላችሁ።

3. ወረቀት ሲዘገይ ልጅ አይዘግይ

የልደት የምስክር ወረቀት ጠፍቷል። የድሮው ሪከርድ ቢሮ ኃላፊ ፈቃድ ላይ ናቸው። ያልተከፈለ ሒሳብ አለ ተብሎ ትራንስክሪፕት ተይዟል። ልጁ ቤት ይጠብቃል። አንድ ሳምንት ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። በቋፍ ላለ ልጅ ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ አንዴ ጠዋት መነሳት ከተወ መልሶ ማስነሳቱ ሌላ ሥራ ነው።

በአሜሪካ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የመኪኒ ቬንቶ የሚባል ሕግ አለ። ቤት አልባ የሆነ ልጅ የተለመዱት ሰነዶች ባይኖሩትም ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ያዛል። ወረቀቱን የማምጣቱ ሥራ ከልጁ ትከሻ ወርዶ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ላይ ያርፋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 28 ላይ መንግሥታት ተማሪዎች አዘውትረው እንዲማሩና ማቋረጥ እንዲቀንስ እርምጃ እንዲወስዱ ይጠይቃል። እናንተ ያላችሁበት ደንብ ምን እንደሚል ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። «ሰነድ እስኪሟላ በጊዜያዊነት» የምትል ሐረግ ብዙ በር ትከፍታለች።

ሥራውን እንዲህ አከፋፍሉት። ልጁ ዛሬ ክፍል ይገባል። አንድ የቢሮ ሰው በስም ይመደብና ሰነዱን ይከታተላል፤ ሦስት ቀን ካለፈ መልሶ ይደውላል። ወላጅ እንዲመላለስ አታድርጉ። ለግማሽ ቀን ፈቃድ የሚለምን ወላጅ ሦስተኛው ጊዜ ላይ አይመጣም።

የኮርሶች አለመገጣጠምም እዚህ ጋ ይታያል። ልጁ ያለፈውን ኮርስ ስሙ ስለተለየ ብቻ ድጋሚ እንዲወስድ ይደረጋል፣ ወይም ሳይማረው የታለፈ ምዕራፍ ተምሯል ተብሎ ይታሰባል። የመጀመሪያው ያሰለቸዋል፣ ሁለተኛው ይጥለዋል። ርዕሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና ራሳችሁ አስተያዩ።

4. የመጀመሪያው ቀን

አዲስ ልጅ የሚያስጨንቀው አልጀብራ አይደለም። ሽንት ቤት የት ነው? ምሳ ሰዓት የት ነው የሚቆመው? ደወል ሲደወል ሁሉም ወዴት ነው የሚሮጠው? ተሳስቼ ሌላ ክፍል ብገባስ?

ቢቻል ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ ግቢው ባዶ ሲሆን አስጎብኙት። ካልተቻለ ጠዋት በር ላይ አንድ ትልቅ ሰው በስሙ ጠርቶ ይቀበለው። የክፍለ ጊዜ ሠሌዳው በወረቀት እጁ ላይ ይሁን። መጽሐፍ ዕለቱን ይሰጠው፤ «የሚቀጥለው ሳምንት» አይባል።

እባካችሁ ክፍል ፊት አቁማችሁ «ከየት ነው የመጣኸው? ለምን ለቀቅክ?» አትበሉት። የመጣበትን ምክንያት ለ50 ልጅ የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ስሙን ተናገሩ፣ ወንበሩን አሳዩት፣ ትምህርቱን ቀጥሉ።

አንድ ተማሪ አጣምሩት። ጎበዙን ተማሪ መምረጥ የለባችሁም። ጎበዙ ሥራ ይበዛበታል። ካለፈው ዓመት አዲስ ሆኖ የመጣ፣ ጨዋታ የማያጣ ልጅ ይሻላል። ሥራውም ግልጽ ይሁን፦ ለአንድ ሳምንት ከክፍል ክፍል አብሮ መሄድና ምሳ ሰዓት ላይ አብሮ መሆን። «ተንከባከበው» ብቻ ከተባለ ሁለቱም ይተፋፈራሉ።

5. ክፍተቱን መፈለግ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ምን እንደጎደለው እወቁ። ፈተና አትስጡት። ውጤት የማይያዝበት አጭር ሥራ ስጡት፦ ለሒሳብ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ ስድስት ጥያቄዎች፣ ለንባብ አንድ አንቀጽና የገባውን በራሱ ቃል ማስረዳት። አብራችሁት ተቀመጡ። መልሱን ከማየት ይልቅ የት ላይ እጁ እንደቆመ ማየት ይሻላል።

ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ለመሙላት አትሞክሩ። አሁን ክፍሉ የሚማረውን ለመከታተል የግድ የሚያስፈልጉትን ሁለት ርዕሶች ምረጡ። ሌላው ይቆያል። ቱቶሪያል በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ከትንሽ ቡድን ጋር ቢሆን ጥሩ ነው። ልጁ ፊደል እንኳ ሳይጎድለው «ለጊዜው» ተብሎ ደካሞች ክፍል ሲገባ አይቻለሁ። ከዚያ የወጣበትን ጊዜ ግን አላየሁም።

6. አንድ ሰው፣ በየሳምንቱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ለልጁ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። መምህር፣ ላይብረሪያን፣ አማካሪ፣ ማንም ይሁን። በሳምንት አንዴ፣ በተወሰነ ቀን፣ አሥር ደቂቃ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ «ቼክ ኤንድ ኮኔክት» የሚባል አሠራር ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ነው። ተከታታዩ ሰው ቀሪ፣ ውጤትና ጠባይ እያየ ልጁን በየጊዜው ያገኘዋል፤ የሚገባው ቃልም ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ቢቀይር እንኳ በተቻለ መጠን ይከተለዋል። ሁለት ዓመት ለብዙዎቻችን ይከብዳል። አንድ ዓመት ግን ይቻላል። የማትችሉትን ቃል አትግቡ፤ ሦስት ጊዜ ተገኝቶ የጠፋ ትልቅ ሰው ከመጀመሪያው ባይመጣ ይሻል ነበር።

ምን ይጠየቃል? አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

«እንዴት ነው ሳምንቱ?»

«ይመቻል ቲቸር።»

«ትምህርቱስ?»

«ይመቻል።»

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ «ተላምዳለች» ብዬ እጽፍ ነበር። «ትናንት ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ላይብረሪ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«ላይብረሪ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳ ሰዓቷን ያሳለፈችው መጽሐፍ ፊቷ ላይ ከፍታ ነው። ጉዳዩ ገባኝ። ስሜትን አትጠይቁ፣ የሆነ ነገር ጠይቁ። የት ነበርሽ? ከማን ጋር? የትኛው ክፍለ ጊዜ ረዘመብሽ? የቤት ሥራውን የት ቁጭ ብለሽ ሠራሽው? መልሱ ላይ ተመሥርታችሁ አንድ ትንሽ ነገር ሥሩ። እኔ ያደረግኩት ከሥዕል ክበብ ልጆች ጋር ማገናኘት ብቻ ነበር።

ልጁ በቀረ ቀን የሚደውለውም ይኸው ሰው ይሁን። በዚያው ቀን፣ ከምሳ በፊት። «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚጀምር ስልክ አይነሳም። «ዛሬ አጣሁህ፣ ደህና ነህ?» የሚለው ይነሳል።

7. «እኔ ብቻ አይደለሁም»

አዲስ የገባ ልጅ አንድ ጥያቄ ቢያቅተው «አላጠናሁም» አይልም። «እዚህ ቦታ የለኝም» ይላል። ይህን ሐሳብ በቀላል ነገር ማስታገስ ይቻላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን፣ በ11 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 1,304 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይመለከታል። ግማሾቹ ልጆች ከእነሱ ቀድመው የገቡ ተማሪዎች የጻፉትን አነበቡ፦ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይፈራል፣ ያልፋል። ከዚያ ስለራሳቸው አጭር ጽሑፍ ጻፉ። በዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተደረገው። ያንን ያደረጉት ልጆች ቀሪያቸውም፣ የጠባይ ክሳቸውም፣ የሚወድቁበት ትምህርትም ቀነሰ።

ለመሞከር ወጪ የለውም። ባለፈው ዓመት የገቡ አምስት ስድስት ተማሪዎች «የመጀመሪያው ወር» ብለው ግማሽ ገጽ ይጻፉ። እውነቱን ይጻፉት፣ ማር ማር አያድርጉት። «ሁለት ሳምንት ማንንም አላናገርኩም» የምትለዋ መስመር ከምክር ሁሉ ትበልጣለች።

8. ቤት

የመጀመሪያው ስልክ የምሥራች ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ደውሉ፣ ያያችሁትን አንድ መልካም ነገር ተናገሩ፣ ዝጉ። ከትምህርት ቤት ስልክ ሲመጣ ልባቸው የሚደነግጥ ወላጆች አሉ፤ ሁሌም ለክስ ስለሚደወልላቸው። አንዴ ለመልካም ከደወላችሁ፣ ሁለተኛው ለክስ ቢሆንም ያነሱታል።

9. ሲበላሽ

ይበላሻል። ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው የሚመጣው፣ አቀባበሉ ሲያልቅና የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ። ልጁ ይጣላል፣ ይፎርፋል፣ ወይም ደብተሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

አዲስ ልጅን ለትንሽ ጥፋት ከክፍል ማባረር እሱ የፈለገውን መስጠት ነው። ቅጣት ካለ ግቢ ውስጥ ይቀጣ፣ ያመለጠውን ትምህርትም ያግኝ። ቀርቶ ሲመለስ ክፍል ፊት «እንኳን ደህና መጣህ ጌታው!» የሚል ሽሙጥ አይሰማ። በዚያች ሽሙጥ የሚቀጥለውን ቀን የሚቀር ልጅ አለ። ተከታታዩ ሰው አምስት ደቂቃ ወስዶ ያመለጠውን ወረቀት ይስጠውና የትኛውን መጀመሪያ እንደሚሠራ ይንገረው። አሥር የቤት ሥራ አንድ ላይ ከተቆለለበት አንዱንም አይነካም። ሦስቱን ምረጡለት።

10. መቼ ይቆማል

በየስድስት ሳምንቱ ወደ መዝገቡ ተመለሱ። ቀሪው ከ10 በመቶ በታች ነው? የወደቀበት ትምህርት አለ? ቢያንስ የአንድ ጓደኛውን ስም ታውቃላችሁ? ሦስቱም መልካም ከሆኑ ሳምንታዊው ቀጠሮ በየ15 ቀኑ ይሁን፣ ቀጥሎ በወር አንዴ። በድንገት አታቁሙ። ልጁ የተጣለ ይመስለዋል። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በወር አንዴ እንገናኛለን፣ ከፈለግክ ግን ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይብረሪ አለሁ» በሉት፤ ያላችሁት ቀን ደግሞ እዚያው ተገኙ።

ረጅም ዕረፍት ሲመጣ አንድ መልእክት ላኩ፤ ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሌላ። እንደገና የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ያቺን አንድ ገጽ ደብዳቤ ከማኅደሩ አውጡ። አዲስ አትጻፉ። ከታች ቀጥሉበት፣ ቀን አስገቡ፣ ስልካችሁን ከበፊቱ መምህር ስልክ ሥር ጻፉ።